ኾጃይን በያት

«ነይ እስቲ የኔ እህት፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ከሪሽታን ነው የመጣሽው? አውቶቡሱ ላይ ቦታ አገኘሽ ወይስ ቆመሽ ነው? ዘንድሮ መቼም ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ማርጊላን ሙሉ ተቀቅለናል። ሻይ ቅጂ፣ ዳቦም አለልሽ፣ አትፈሪ...»

ሳኦዳት ይህን ስትል እጇ ከመወርወሪያው አልተላቀቀም። በዚህ የማርጊላን ከተማ የሐር መሸመኛ ቤት፣ በዚሁ የሽመና ዕቃ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ትናንት «እጅሽ ዘግይቷል፤ አርብ ዕቃውን ለአዲሷ አስረክቢ» ተባለች። አዲሷ ይቺው ዙምራድ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ መልክ ደግሞ የሰጣት። ትእዛዙን የሰጠችው የጌትየው ሚስት በሩ አጠገብ ጀርባዋን አዙራ የተሸመነውን በክንዷ ትለካለች። ሳኦዳት እንዳላየቻት ሆናለች። ለዙምራድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን የድምጿ ግማሹም በበቃ ነበር።

«ምን ብዬ ልጥራት ነው ያልሽኝ? ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ መጠየቅ! ኾጃይን በያት፤ በስሟ ከጠራሻት አትሰማሽም። ኾጃይን ማለት መቼም ታውቂዋለሽ፣ ቀጣሪ ነው፣ አሠሪ ነው። የሪሽታን ሴቶችስ ባላቸውን ‹ኾጃይኔ› አይደል የሚሉት? እኛም ጋ እንዲሁ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ሰው... ሌላው ሲሆን ይምታታበታል። እሷ ግን ጎበዝ ናት፤ አንድ አድርጋ ተገላገለችው።

«ኧረ እንዳትታዘቢኝ፣ ማመስገኔ ነው! የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኮ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ነበረች። ክር መቋጠር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቶሎ ነው የገባት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አይደል? እሷ ማበር ምን ያደርግላታል? በአንዲት ክር፣ ብቻዋን፣ አሰረችው። አንበሳ እንኳ አይደለም... ደህና ሰው ነው።

«ነገሩ አጭር ነው። ኾጃይናችን ቀጠራት። ሸመነች። ቆይቶ ደግሞ... ቀጠራት። ሁለተኛውን ለምን እንደሆነ እኛ ምን እናውቃለን? ሥራ በዝቶ ይሆናላ! የዚያን ጊዜዋ ሚስቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ፣ ከሁላችን ቀድማ ብድግ የምትለው እሷ ነበረች። ‹እትዬ፣ ምን አደከመዎት፤ ከእንግዲህ እኔ ልያዝልዎ!› ትላለች። ያዘችላቸው። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ደስ አይልም?»

በሩ አጠገብ መለካቱ ቆመ። ሳኦዳት ክሩን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ቀጠለች።

«ከአያያዝ ይቀደዳል ያለው ሰው እሷን አላያትም። ሐርም ቢሆን፣ ትዳርም ቢሆን፣ የራሷም ባይሆን... አያያዝ ታውቃለች። እጅሽ ዘግይቷል አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እጄ እንደሷ ቢፈጥን ኖሮ እኔስ የት በደረስኩ? አልዋሽሽም እህቴ፣ ከፍቶኛል። ሦስት ልጅ ያሳደግኩበት ዕቃ ነው። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ብቻ ለማን እንደምለቀው ሳይ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

«ለመሆኑ አንቺን ማን መረጠሽ? እሷ ናት?... እህ! እሱ ራሱ? ሪሽታን ድረስ ሄዶ? እሰይ፣ እሰይ! ደክሞታል እየተባለ ሲታማ ነበር እኮ፤ ለካ እግሩ ደህና ነው። እሷንም ያኔ ራሱ ነበር አንዲጃን ድረስ ሄዶ ያመጣት። ዓይን አለው ሰውየው፤ ይሄን እንኳ ማንም አይክደውም።

«አንቺ ምን አጠፋሽና ነው የምትደነግጪው? ሥራሽን ሥሪ። ሰላም ሲልሽ ሰላም በይ፣ ሲጠራሽ ከእኛ አንዷን ይዘሽ ሂጂ። መርገጫውን ቀስ ብለሽ እርገጪ፣ ግራው ይከብዳል። ደግሞ ከኾጃይን ብዙ ተማሪ፤ ከዚህ ወንበር ተነስቶ እዚያ በር ላይ የደረሰ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ መንገዱን ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ጨርቁ ከሴትዮዋ ክንድ ላይ ተንሸራቶ መሬት ወረደ። አላነሳችውም። ዓይኗ ዙምራድ ላይ ነበር። ጠዋት ስትገባ ያላየቻትን ያህል አሁን ከራስ መሸፈኛዋ እስከ ጫማዋ ታያት ጀመር። ሳኦዳት ግን ዞርም አላለች፤ መወርወሪያውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«በይ የኔ እህት፣ የሰው እንጀራ በልተን ዝም አንልም። እጅሽን ዘርጊ፣ አሚን በይ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው። ቤቷን ያሙቅላት። ኾጃይኗንም... እንደሷ ያለች ሠራተኛ አያሳጣው።»