የቡላ ምግብና የጎረቤት ሰላም

ክረምቱ እንዳበቃ አንድ ቀን ጠዋት ከመናኸሪያ ወደ ቡሹሎ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ስገባ፣ ቀድመው ከተቀመጡት እናት ዘንቢል ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ብርሃኔ ነበሩ። በሰፈራችን ልብስ እየሰፉ ልጆች ያሳደጉ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔ በዩኒቨርሲቲው የማስተምር፣ ከእሳቸው ቤት ጥቂት ዝቅ ብዬ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በዘንቢሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኋቸው። ቡላ የሚባለው ወንድ ድመታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ዓመሉ ተበላሽቷል አሉ። የተዘጋጀለትን አሸዋ ትቶ ደንበኞች ባመጡት ጨርቅ ላይ ለሽንት ይቀመጣል፣ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ይጮኻል። ቢቆጡትም ቢመቱትም አልተወም። ስለዚህ ቡሹሎ ካለው ማሳ ዳር ሊለቁት መውሰዳቸው ነበር፤ አይጥ እየያዘ ይኖራል ብለው አስበዋል።

ዘንቢሉ የተሸፈነበትን ሻሽ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ድመቱ ተኮማትሮ ሆዱን ወጥሮ ተቀምጧል፤ አሁንም አሁንም የኋላውን ይልሳል። ይህ የዓመል ጉዳይ ሳይሆን ሕመም ሊሆን እንደሚችል ነግሬ፣ የእንስሳት ሐኪም እንድናሳየው ለመንኳቸው። አልወደዱም። ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚያልቅበት ዘመን ድመት ማሳከም ያሳፍራል አሉኝ። ወዲያው ግን ቡላ ዘንቢሉ ውስጥ አስመለሰው። ወይዘሮ ብርሃኔ አፉን በሻሹ ጠረጉለትና ባለባጃጁን ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት እንዲመልሰን ጠየቁት።

ሐኪሟ ዶክተር ሐዳሳ እዚሁ ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። የድመቱን ሆድ ዳሰስ እንዳደረገች ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ የሽንት መውጫው ተዘግቷል» አለች። «ያዩት ብልግና ሳይሆን ሥቃይ ነው። ማሳ ላይ ትተውት ቢመለሱ ኖሮ የሚተርፍ አይመስለኝም።»

አደንዝዛ በቀጭን ቱቦ ስትከፍትለት እኛ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የወይዘሮ ብርሃኔ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። የመቱትን ድመት እያሰቡ ይሁን እየጸለዩ አላወቅሁም፤ ምናልባትም ሁለቱንም ነበር።

ሐዳሳ ሽንቱን በማይክሮስኮፕ ካየች በኋላ አስገባችንና ስለ ምግቡ ጠየቀች። እሳቸውም አላፈሩበትም። ጠዋት በጨው የደረቀ ትንንሽ ዓሣ፣ ማታ ልጃቸው ከአዲስ አበባ የምትልከው ደረቅ የድመት ምግብ፣ አልፎ አልፎም ወተት ይሰጡታል። ውሃ አያስቀምጡለትም፤ ድመት ውሃ አይወድም ብለው ያምናሉ።

«በሽንቱ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነገር አይቻለሁ» አለች ሐዳሳ። «ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ ያ አሸዋም ተከማችቶ የወንዱን ጠባብ ቧንቧ ይዘጋዋል። ከእንግዲህ ምግቡ እርጥብ ይሁን።»

ወይዘሮ ብርሃኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ የድሮ ድመቶች ማን መርጦ አበላቸው? ያገኙትን በልተው ይኖሩ አልነበረም?»

«የድሮዎቹ አይጥና ወፍ ነበር የሚበሉት። የአይጥ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ድመት ሲበላ አብሮ ይጠጣል ማለት ነው። እኛ ቤት ዘግተን የደረቀ ነገር ስንሰጠው ግን ያ ውሃ ይቀርበታል። እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም፤ የወሰድንበትን እንመልስለት ነው የምለው።»

ይህ መልስ እንደነካቸው አየሁ፤ ነገር ግን ትልቁ ጥያቄያቸው ገና አልወጣም ነበር። የጎረቤት ልጅ ሳይበላ በሚያድርበት ከተማ ለድመት ምግብ መምረጥ በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። ሐዳሳም ጥያቄውን አልናቀችውም። የተራበን ልጅ ማብላት ግዴታ መሆኑን ተቀበለች። ይሁን እንጂ ማንም ሳያስገድደን ዘግተን ያኖርነው እንስሳ ከእኛ እጅ በስተቀር ሌላ ምግብ እንደሌለው፣ ስለዚህም ዕዳው የእኛ እንደሆነ አስረዳች። ደግሞም የምትለው ድሎት እንዳልሆነ ተናገረች፤ ጨዋማውን ዓሣ መተው፣ ደረቁን ምግብ በውሃ ማራስ፣ ንጹሕ ውሃ በየክፍሉ ማስቀመጥ ከሁሉ ይቀድማል። ለሽንት ሕመም ተብሎ የሚዘጋጀውን እርጥብ ምግብ ልጃቸው ብትልክ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እሱንም ከለመደው ጋር እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ ማስለመድ ይገባል። በሽንት ውስጥ የሚሠራው ጠጠር ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ግን ሽንቱ ሳይታይ በሰው ወሬ ምግብ መለወጥ እንደማይበጅ አጥብቃ አስጠነቀቀች።

ወይዘሮ ብርሃኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዚህ በፊት የነበረኝ ድመትም እንዲህ ነበር የሆነው» አሉ። «ሲያምጥ፣ ሲጮኽ፣ ሲያስመልሰው ውሎ አድሮ ሞተ። እኔ ተመርዟል ብዬ ነበር።»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በግድግዳ የሚዋሰኗቸው አቶ ሰኢድ የእህል መጋዘን አላቸው፤ ለአይጥ መርዝ ማስቀመጣቸውም የታወቀ ነበር። ድመቱ ሲሞት ወይዘሮ ብርሃኔ በሰው ፊት ወንጅለዋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በሐዘንም በደስታም አልተጠያየቁም።

ሐዳሳ ያላየችውን እንስሳ በምን እንደሞተ በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል ገለጸች፤ «የነገሩኝ ምልክት ግን ከቡላ ሕመም ጋር ይመሳሰላል» አለች።

ቡላን ለአዳር እዚያው ትተን ስንወጣ ወይዘሮ ብርሃኔ ወደ ቤታቸው አልገቡም። አብሬያቸው እንድሆን ጠይቀውኝ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድን። አቶ ሰኢድ ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሰኢድ፣ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ስምህን አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ» አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ።

«እትዬ ብርሃኔ፣ ድመቱ የሞተ ቀን ጉድጓድ ልቆፍርለት መጥቼ ነበር፤ በሩን ዘጉብኝ» አሉ አቶ ሰኢድ። «ከውንጀላው ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።» ይህን ብለው የራሳቸውን ወንበር ለእሳቸው አቀረቡላቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የድመት ምግብ ብቻ እንዳይመስልህ የምንማረው። በሽታን ዓመል ስንለው ሕመምተኛውን እንመታዋለን፤ የሞትን ምክንያት ሳንጠይቅ ስንቀር ደግሞ ጎረቤታችንን ገዳይ እናደርገዋለን። ዕውቀት ከሁለቱም ጥፋት ይጠብቃል። ወንድ ድመት አምጦ ሽንት ካጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት ዛሬ ለሰፈሩ ሴቶች የሚያስተምሩት ወይዘሮ ብርሃኔ ራሳቸው ናቸው። ቡላም እርጥቡን ምግብ ለምዷል፣ ከየክፍሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ጨርቅ ላይ መቀመጡንም ትቷል።

በቅርቡ ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለአቶ ሰኢድ ሰጥተው ቡላን አደራ ብለዋቸው ነበር። እዚያ እንደደረሱም መጀመሪያ የደወሉት ለእሳቸው ነው። አቶ ሰኢድም ገና ሳይጠየቁ፣ «በደንብ ሸንቷል፤ አይስጉ» አሏቸው።