ሰባት ሴቶች የሰሙት ምስጢር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ወደ ደሴ የምሄድበት አውቶቡስ ከሚሴ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «አሁን እንነሣለን» ካለ ሁለት ሰዓት አለፈ። አስተማሪነት መንጎራደድ አስለምዶኛልና ወዲያ ወዲህ ስል ፀሐዩ ቢያቃጥለኝ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋሁ። ባለ ሱቁ ሐጂ ሙሄ የሚባሉ የጨውና የከብት ነጋዴ ናቸው። እሳቸውም መቀመጥ አቅቷቸው ከሱቅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሱቅ ይመላለሱ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ጌታው! ይግቡ እንጂ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብለውኝ ውሃ አስቀረቡልኝ። ውሃውን ሳልጨርስ ችግራቸውን ዘረገፉልኝ። ሚስታቸው አምና ሞተዋል። የሦስት ዓመት ልጃቸውን አሻን የሚይዝ ሰው የለም። ደሴ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የእህታቸው ልጅ ረቢአ ሁለት ሳምንት ብትረዳቸውም፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለፈተና ትመለሳለች። እሑድ ደግሞ ለንግዳቸው ሰንበቴ ከተማ ገበያ መሄድ አለባቸው።

«ልጅቷን የሚጥል በሽታ ይጥላታል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። «ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ጌታው።»

ስሜን ገና አልጠየቁኝም ነበር። ደነገጥሁ፤ ትንሽም አፈርሁ።

ረቢአ አሻን አዝላ ከጓዳ ወጣች። «አጎቴ፣ አሁንም ተናገሩ?»

«ምን አጠፋሁ? ዱዓ የሚገኘው ጭንቅን ሲናገሩ ነው። ወዳጃ ላይ ተሰብስበን የልባችንን አውጥተን አይደለም ወይ የምንለምነው?»

«ወዳጃ ላይ የሚቀመጠው ጎረቤት ነው፤ ያውቀናል፣ እናውቀዋለን። እርስዎ ግን ደላላ ላመጣት ሞግዚት ሁሉ ተናገሩ። ሰባት ሴቶች መጡ። ለሰባቱም የአሻን ሕመም፣ ሰንበቴ የሚሄዱበትን ቀን ነገሯቸው። የእናቷን የወርቅ ሣጥን ሳይቀር አሳዩዋቸው!»

«ወርቁን ያሳየሁት ቤቱ ባዶ እንዳይመስላቸው ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ረቢአ ግን አልሳቀችም።

«ከሰባቱ አንዷ እንኳ ቀረች?»

«የለችም። ሕመሙን ሲሰሙ እየተነሡ ሄዱ።»

«ወሬውን ይዘው ሄዱ። አሻ ቤት ውስጥ እንጂ ደጅ ወድቃ አታውቅም። ትናንት ግን ልትጫወት ስትወጣ የጎረቤታችን ሴት ‹ይጋባል› ብላ ልጆቿን እየጎተተች አስገባች። ከማን ሰማች ይላሉ?»

ሐጂ ሙሄ ጓሮ ደርሰው ተመለሱ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ስሚኝ ረቢአ። ብደብቅስ? ሞግዚቷ ሳታውቅ ልጄ እሳት ላይ ብትወድቅ፣ ለአላህ ምን እላለሁ? ሰው ማታለልም ሐራም ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ስሰማ እኔም ወደ እሳቸው አዘነበልሁ። ልጅቷ ምን እንደምትመልስ ለማወቅ ቸኮልሁ።

«ይደበቅ አላልሁም» አለች ረቢአ። «እርስዎ ለመረጧት ለአንዷ፣ ሥራ ሳትጀምር፣ በር ተዘግቶ ይነገራት። ሕመሙ ሲነሣ ምን እንደምታደርግም ትማር። ከፈራች እምቢ ትበል። ለመጣችው ሁሉ ግን ‹ጥንቃቄ የምትሻ የሦስት ዓመት ልጅ አለችን› ማለት ይበቃል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፤ የት ሠራሽ፣ ማን ያውቅሻል ብለን።»

«እኔም አስተማሪ ነኝ፤ እንደ እሷ አስባለሁ፣ ሐጂ» አልሁ። «ሕመሙ የአሻ ነው። አድጋ ለማን እንደምትነግር ራሷ ትምረጥ።»

«ትምህርት ቤት የምታስተምሩት አፍ መዝጋት ነው እንዴ?» አሉኝ ቆጣ ብለው።

እንዲህ ስንባባል ደላላው ስምንተኛዋን ይዞ መጣ። ፋጡሜ ትባላለች፣ የጨፋ ሮቢት ሰው ናት። ሐጂ ሙሄ ገና ሳትቀመጥ «ልጄ፣ ዱዓ አድርጊልኝ፣ ልጅቷን…» ብለው ጀመሩ። ረቢአ አየቻቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው መቀመጫ አቀረቡላት።

«የት ሠርተሻል?» አለቻት ረቢአ።

«ኮምቦልቻ፣ አንድ ሹም ቤት። አራት ዓመት ሁለት ልጆች ይዤ ነበር።»

ሐጂ ሙሄ አልቻሉም። «ታዲያ ለምን ለቀቅሽ? ባልና ሚስቱ ይጣላሉ? ልጆቹ በሽተኞች ናቸው?»

«አባቴ፣ የቤታቸውን ነገር አልናገርም» አለች ፋጡሜ ቀና ብላ። «ስለ እኔ ማወቅ ከፈለጉ ግን እመቤቲቱን ያስጠይቁ። ክፉም ደግም እሳቸው ይንገሯችሁ።»

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ደባቂ ናት፤ ይህቺ አትሆንም» አሉኝ። ረቢአ ሰምታለች።

«አጎቴ፣ ነገ ገበያ ላይ ስለ አሻ ሲጠይቋትም የምትመልሰው ይህንኑ ነው።»

ሐጂ ሙሄ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሉበት ቆሙ። አሻን ከረቢአ ጀርባ አውርደው አቀፏት። «ወላሂ፣ ልጄን እኔው ራሴ በየገበያው አዞርኳት» አሉ።

ጎማው ተጠግኖ ስንነሣ፣ ኮምቦልቻ መንገዴ ነበርና እመቤቲቱን ጠይቄ፣ ፋጡሜ ልጆቹን እንደ እናት መያዟን ሰምቼ፣ በሚመለሰው አውቶቡስ መልእክት ላክሁላቸው።

በነሐሴ በዚያው ሳልፍ ሱቁ ደጃፍ ላይ አሻ ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ ስታቦካ አየሁ። ፋጡሜ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ወሬው ሌላ የሚጨምርበት ሰው ሲያጣ ቀዝቅዟል፤ ሐጂም ሰንበቴ ደርሰው የሚመለሱት ልባቸው ሳይሰቀል ነው። የቤቱን ምስጢር ማወቅ ያለበት ብቻ ሲያውቀው፣ ልጅም በሰላም ትጫወታለች፣ ሞግዚትም ተከብራ ትሠራለች፣ አባትም ያርፋል።

«ሐጂ፣ የልጅቱ ሕመም እንዴት ሆነ?» አልኋቸው በጉጉት።

ሐጂ ሙሄ ፈገግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ መምህር፣ ደህና ናት» አሉና ውሃ አስቀረቡልኝ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልነገሩኝም።