ሁለት ሰው የሚከፍተው በር

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ሙሕሲን! አንተ! ወላሂ ቁጥሩን አላወቅኩትም… የአባትህ ስልክ ነው? እንዴት ናቸው? … ከሆስፒታል ወጡ? አልሐምዱሊላህ! … አዎ፣ አራት ወር ሙሉ አልደወልኩም። ምን አፍ አለኝ… ሱቅ ነኝ፣ እዚሁ ካርቲየ ሰባት ሰፈር።

— ዋሪያ፣ አንዴ ቆይ! ሰብሪና፣ ለሰውየው ፕሪንት አድርጊለት፣ ስልክ ላይ ነኝ። … እህቴ ናት፣ ሰላም ትልሃለች።

— ጌሙን? … አዎ፣ ለቀቅኩት። ሦስት ሳምንት ሆነው። … አቦ፣ ስድስት ሺህ ሰው አውርዶታል! ፖላንድ፣ ብራዚል… «ብቻችንን ስንፈራው የኖርነውን ጌም ከጓደኛችን ጋር ተጫወትነው» እያሉ ይጽፋሉ።

— የጌሙ ገጽ እዚያ አልከፈት አለህ? የድሬ ኢንተርኔት መቼም… ምን? የሠሪዎቹን ስም ላንብብልህ? … አሁን? … አባባ እንዲሰሙ? ስፒከር ላይ ነኝ እንዴ? … አባባ፣ አሰላሙ ዐለይኩም! እንኳን ለዚህ አበቃዎት። … አዎ፣ ሙሕሲን ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የከረመው ለዚሁ ነው። ፈረንጆቹ ጌሙን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሠሩት፤ እኛ ውስጡን ከፍተን ሁለት ሰው እንዲገባበት አደረግን። … እሺ፣ አነባለሁ። «ሠሪዎቹ… ከይረዲንና… ሙሕሲን።» … አሚን። … አሚን አባባ። … አሚን።

— ሙሕሲን፣ ስፒከሩን አጥፋልኝማ። … አጥፋው አልኩህ! ወጣ በልልኝ።

— ውሸቴን ነው። ስምህ የለበትም። … የለም፣ የእኔ ብቻ ነው። … አይ፣ ረስቼ አይደለም። «ዝም ስትለኝ ሥራውን የተውከው መስሎኝ ነው» ልልህ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። ሾፌሩ ጀላሉዲን ከድሬ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ፣ ፔካ 12 መኪና ማቆሚያው ላይ ወርዶ የላክኸውን ፍላሽ ሲሰጠኝ፣ «አባቱ ታመዋል፣ ደውልለት» ብሎኝ ነበር። እኔ ፍላሹን ይዤ በረርኩ። … ከዚያ ስለቀው አንዱ «ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የሠራኸው?» ብሎ ጻፈልኝ። አዎ አልኩት። ደግሞ ደስ አለኝ፣ ሙሕሲን! … ሁለቱን ማሽን ያገናኘህ አንተ፣ አንዱ ተጫዋች ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሣው ያደረግህ አንተ… እኔ የጌሙን ጠመንጃ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። አባትህ ደግሞ ይመርቁኛል! ፊቴን የት ላድርገው? … ስደበኛ!

— ምን? … የጌሙን የመጨረሻ በር? … አልከፈትኩትም። … አውቃለሁ፣ በፍላሹ የላክኸው ነው። ግን ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እኩል ካልሳበው አይከፈትም፤ ብቻዬን ሁለት ማሽን መሃል እየተሯሯጥኩ እንዴት አድርጌ? ዘልዬው ለቀቅኩት። … አዎ፣ ሳልጨርሰው። … ቆይ፣ ቆይ። «ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው?» እያሉ ተጫዋቾቹ ይጠይቁኛል። እያሾፉ መስሎኝ ዝም አልኳቸው። ምን ጻፍክበት? … ንገረኛ! … እሺ። እሺ፣ አትዝጋው።

— ሰብሪና! ነይ፣ ሁለተኛው ማሽን ላይ ተቀመጪ። … ይጠብቅ ሰውየው! … ያንን ሰንሰለት ያዢ፣ ስቆጥር ትስቢያለሽ። አን፣ ዶ፣ ትሯ… ሳቢ!

— ተከፈተ። … አይታይም፣ የጌሙን ባትሪ ላብራ። … አማርኛ ነው። ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው።

— «ይህን የሠራው ወንድሜ ከይረዲን ነው። ሙሕሲን አግዞታል።»

— ሰብሪና፣ አትዪኝ። ዞር በዪ።

— ሄሎ? … ሙሕሲን? … አባባ? እርስዎ ነዎት? ሙሕሲንስ? … ስልኩን ሰጥቶዎት ወጣ? … አባባ፣ ቅድም የመረቁኝን መልሰው ይውሰዱት። … ለልጅዎ ነበር የሚገባው፤ ስሙን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያነበብኩልዎት ነገር ገጹ ላይ የለም። … ሄሎ? … አዎ አባባ፣ ሆን ብዬ ነው። … ሄሎ?

— ሰብሪና… ዘጉት።