የሊናቴው ወንበር

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃዬ ወይዘሮ ኦርኔላ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ይህን የጡረታ ግብዣ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ስሸኝ ኖሬ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። ወይዘሮ ኦርኔላ "አደራ፣ አጭር ይሁን" ብለውኛል። እሞክራለሁ።

እዚህ ላሜዚያ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ይገባና "ሚላኖ" ይላል። ሚላኖ በየትኛው ኤርፖርት? ሊናቴ ከተማው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ማልፔንሳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ቤርጋሞማ ጭራሽ ሌላ ከተማ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን "ጉዳይዎ ከተማው የት ጋ ነው?" ይባላል። እኛ ግን "ማን ይቀበልዎታል?" ነው የምንለው። ዘመድ እያለው ታክሲ የያዘ ሰው ለገና ሲመጣ ምን እንደሚባል እናንተው ታውቃላችሁ።

አንዲት ደንበኛችን ሠርግ ስትሄድ ሁለት የወንድሟ ልጆች "እኔ ነኝ የምቀበላት" ብለው ተጣሉባት። እሷም በአንዱ ኤርፖርት ገብታ በሌላው ተመለሰች። ስንት ቀን ሳቅንባት? እኔም ስቄያለሁ።

ኮዚሞ ግን ሠርግ አልነበረም የሚሄደው።

ኮዚሞ ፀጉር አስተካካዩ፣ የኢሌኒያ አባት። የዛሬ አራት ዓመት፣ ኢሌኒያ ገና እኛ ጋ ሳትቀጠር፣ ጠዋት ቢሮ ስከፍት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሚላኖ ካለው ሆስፒታል ደውለው "ኩላሊት ተገኝቶልሃል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረስክ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል" ብለውታል።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሁለት በረራ አለ፤ አንዱ ማልፔንሳ፣ አንዱ ሊናቴ የሚገባ። የሊናቴው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ይነሳል፤ ግን ከዚያ ሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት ነው። እሱን ልነግረው ስል ኮዚሞ ስልኩን አቀበለኝ። ማልፔንሳ አጠገብ የሚኖረው የእህቱ ልጅ ነው።

"ጋሽ ሳቬሪዮ፣ በማልፔንሳ ያድርጉት። መኪናዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ።"

"ታክሲ ቢይዝስ?"

"አጎቴ እኔ እያለሁለት በታክሲ? እናቴ ዓይኔን ታያለች?"

ኮዚሞን አየሁት። "ልጁን አታስቀይምብኝ" አለኝ፤ ቀጥሎም "ለመሆኑ የማልፔንሳው ይሻላል?" ሲል ጠየቀኝ።

"ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው" አልኩት።

እውነት ነው፣ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ቀድሞ የሚያደርሰው ግን አልነበረም። ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ አንድ የጭነት መኪና ከተገለበጠ ሰው ውሎ ያድርበታል። ግን በቤተሰብ መሀል ገብቶ አዛዥ መባልን ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የዚያን ቀን የጭነት መኪና ተገለበጠ። ኮዚሞ ሆስፒታል የደረሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ኩላሊቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ይኸው እስከ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ደሙን ያሳጥባል፤ ፀጉር ቤቱንም ዘግቷል። የእህቱ ልጅም "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" እያለ አራት ገና አለፈ፣ አገሩን አልረገጠም።

ኢሌኒያ፣ እዚህ በጀመርሽ በሳምንቱ ጠይቀሽኝ ነበር። "ጋሽ ሳቬሪዮ፣ የዚያን ቀን ሊናቴ የሚገባ አውሮፕላን አልነበረም?" አልሽኝ። "ነበር፤ ግን ሞልቶ ነበር" አልኩሽ፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማ። "ምን ይደረግ፣ ዕድሉ ነው" ብለሽ ቡና አመጣሽልኝ። ያ ቡና እስካሁን አልወረደልኝም።

አልሞላም ነበር። ሰባት ወንበር ነበረው። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አንቺን ደግሞ ዋሸሁሽ። ጡረታ ወጥቼ ይህን ይዤ ቤቴ መቀመጥ አልችልም። ሰው ፊት የምናገረውም ሰው ፊት ስለዋሸሁሽ ነው።

ወይዘሮ ኦርኔላ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ግብዣዎን ስላበላሸሁ ይቅርታ። እናንተም ሥራችሁ ይባረክ፤ የላካችሁት ሁሉ በሰላም ገብቶ በሰላም ይመለስ። "በዚህ ሂድ" ማለት ሲገባችሁ የምትሉበት ድፍረት ይስጣችሁ። ለኮዚሞም ያ ስልክ ዳግም ይደወልለት።

አሁን የምሄደው እሱ ጋ ነው። ከኔ አፍ መስማት አለበት፤ ከዚያ ለእህቱ ልጅ እደውላለሁ። ኢሌኒያ፣ መኪናዬ በር ላይ ናት። ካልመጣሽም አልቀየምሽም።

ኬኩን ሳትጠብቁኝ ቁረጡት።