ሚስማር ያስገባል

አዛውንቱ አናጢ በገጠሙት ጣውላ መሐል ፀጉር እንኳ ስለማያልፍ ሰፈርተኛው «ፀጉር አያስገባ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ነው የሚያዩት። አንድ ማለዳ ከሕንፃ ዕቃ መደብር አዲስ ጣውላ አስጭነው ሲወጡ፣ ግንባታ ከተማረችው ከወንድማቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ግጥም አሉ።

«አጎቴ! ይኼ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ጣውላ አይደል? እርስዎ ገዙት?» አለች፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ እየታየ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የአክስትሽ በረንዳ በስብሶ አለቀ። ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እንደምትሞቅ ቃል ገብቼላታለሁ። ነይ አግዢኝ።»

በረንዳው ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። ከሥር የሚሸከሙትን እንጨቶች ሽማግሌው ቀድመው አድሰዋቸዋል። ጣውላውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክክ እንዲል ለክተው መጋዙን ሲያነሡ ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ጫፉ ግድግዳውን መንካት የለበትም። በጣውላና በጣውላ መሐልም የሚስማር ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉ።»

«ክፍተት? እኔ? ሰው ምን ይለኛል! ደግሞስ የአክስትሽ ከዘራ ቢገባበት? አንዴ ወድቃ መሰበሯ አይበቃም?»

«ከዘራዋ ጫፉ ላይ ወፍራም ጎማ አለው፤ አይገባም። ይኼ ጣውላ ግን ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል። አክስቴን የሚጥላት ያ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስገጥም ጣውላ ሲረዝም አላየሁም!»

«እንጨት ስለነበረ ነዋ! ይኼ ግማሹ ፕላስቲክ ነው።»

ሲመሰገንበት የኖረውን ነገር ተው ሲሉት እሺ የሚል ማን አለ? የሽማግሌው ደም ፈላ። ግን ሐቀኛ ሰው ናቸውና «እንግዲያው አንዱን በእኔ መንገድ፣ አንዱን ባንቺ እንቁረጥ። ፀሐይ ትዳኘን!» አሉ።

ልጅቷ በደስታ አጨበጨበች። አቧራው እንዳይጎዳቸው መነጽር አድርገው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው ሁለቱንም ቆረጡና በረንዳው ላይ አኖሯቸው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው መቀመጥ አልቻሉም፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ብድግ ቁጭ አሉ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ የልጅቷ ጣውላ እንደተኛ ነበር። የሳቸው ግን መሐሉ ጎብጦ እጅ የሚያሾልክ ሆኗል። እግራቸውን ቢያሳርፉበት ተንቋቋ። የእህታቸው ከዘራ እዚያ ላይ ሲያርፍ ታያቸውና ደነገጡ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ሕፃን ሣቁ።

«ወይ ጉድ! ተነሥቶ ቆመ እኮ! በይ ሚስማሮቹን አምጪ፣ ቶሎ በይ!»

ጫፉን ከግድግዳው አርቀው ቆረጡ፤ በየመሐሉ ሚስማር እያስገቡ ለኩ፣ አሰሩ፣ ሚስማሩን ነቀሉ። እየተሻሙ ሠርተው ሳይመሽ ጨረሱት።

በማግስቱ አክስት ከዘራዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆመችና ወለሉን አስተዋለች። «አንተ ፀጉር አያስገባ፣ አረጀህ እንዴ? ክፍተት ይታየኛል!»

ሽማግሌው አንድ ባልዲ ውኃ ደፉበት። ውኃው በየክፍተቱ ሾልኮ ወረደ። «አየሽ እትዬ? ውኃ አይተኛበትም፣ አይበሰብስም፣ በየዓመቱ ቀለም ቀባኝ አይልም፣ እግርሽን ስንጥር አይወጋሽም። ፀሐይ ቢመታውም መዘርጊያ ትቼለታለሁ። ይኼን ያስተማረችኝ ይቺ ልጅ ናት።»

አክስት ከዘራዋን አስቀደመች፤ ጎማው ክፍተቱን ረግጦ አለፈ። ሌላ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ፤ ወንበሯ ላይ ደርሳ ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች። ሽማግሌው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና በአጥር በኩል ለሚያዩት ጎረቤቶች ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ‹ሚስማር ያስገባል› በሉኝ!»