አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

(አባታቸው ባረፈ ማግስት፣ ረፋድ አምስት ሰዓት። አንዳርጌ ጂንካ፣ ከሐዘኑ ድንኳን ጀርባ በስልክ፤ እህቱ ትርንጎ አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያ።)

ትርንጎ፦ ቀብሩ ለዘጠኝ አልነበረም እንዴ? ለምን አዞርከው?

አንዳርጌ፦ ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ እትዬ ዘርፌ፣ ጎረቤትህ። መሞቱንም የሰማሁት ከሷ ነው፤ ካንተ አይደለም።

አንዳርጌ፦ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይመጣ ብለን ለስድስት አደረግነው።

ትርንጎ፦ አውሮፕላኑ አምስት ተኩል ላይ ይነሳል። በአየር አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ለሰባት እደርሳለሁ። አንድ ሰዓት አስጠብቅልኝ።

አንዳርጌ፦ አይሆንም። እድርተኛው ቆሟል፣ ሳጥኑም ሊነሳ ነው።

ትርንጎ፦ ለልጁ አንድ ሰዓት አይቆምም?

አንዳርጌ፦ መንገዱ አንድ ሰዓት ከአሥር ብቻ ከሆነ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ምን ያዘሽ?

ትርንጎ፦ «ከቤቴ ውጪ» ያለኝ አባታችን፣ «አትምጪ» ያልከኝ አንተ። በደወልኩ ቁጥር «ስምሽ ሲነሳ ደም ግፊቱ ይነሳል» ስትለኝ አልነበር?

አንዳርጌ፦ መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር።

ትርንጎ፦ ኋላስ?

አንዳርጌ፦ እድርተኛው እየጠበቀኝ ነው።

ትርንጎ፦ ኋላስ፣ አንዳርጌ? ተሳፋሪ እየጠሩ ነው።

አንዳርጌ፦ ባለፈው ሳምንት ጠየቀሽ። «አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ።

ትርንጎ፦ ምን አልከው?

አንዳርጌ፦ «ተሳፍራለች» አልኩት። በማግስቱም እንደዚያው። ላንቺ ግን አልደወልኩም።

ትርንጎ፦ በር በሩን እያየ ሞተ በለኛ።

አንዳርጌ፦ አዎ።

ትርንጎ፦ ምን በደልኩህ?

አንዳርጌ፦ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ያጠብኩት እኔ፣ ያገላበጥኩት እኔ፣ እንዳይወድቅ ከአልጋው ሥር የተኛሁት እኔ። አንድ ጠዋት እጄን ይዞ «ትርንጎ ነሽ?» አለኝ። ያን ቀን እንዳልጠራሽ ቆረጥኩ። በአንድ ሰዓት በረራ መጥታ ልቡን ትወስድብኛለች አልኩ።

ትርንጎ፦ ሳታገባ የቀረኸውም በሱ ነው?

አንዳርጌ፦ በሽተኛ ከተኛበት ቤት ማን ትገባለች? አንዷ ሞክራ ነበር፤ ዓመትም አልቆየች።

ትርንጎ፦ ይህን አንድ ቀን አልነገርከኝም።

አንዳርጌ፦ አልጠየቅሽኝም።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ውሰዱት።

አንዳርጌ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ አንሱት፤ አትጠብቁኝ። ቀባሪው አንተ ሁን፣ ለደከምከው ይገባሃል። ይቅር አልኩህ ማለት አይደለም፤ በዚህ ነገር ገና እንጣላለን። ግን እሳፈራለሁ።

አንዳርጌ፦ ቀብሩ ካለፈ ምን ልትሠሪ?

ትርንጎ፦ ከቀብር ስትመለስ፣ ያ ባዶ አልጋ ያለበት ቤት ብቻህን እንዳትገባ።

አንዳርጌ፦ ቆይ፣ ስልኩን አትዝጊው። (ወደ እድሩ ዳኛ ዞሮ) ጋሽ መኩሪያ፣ ሳጥኑን መልሱት። እህቴ እየመጣች ነው።