የሚስታቸው ደም ያስታወሰው

ጋሽ ውሃልክ በሆስፒታሉ ኮሪደር የሚንገዳገድ አግዳሚ ወንበር ገልብጠው እግሩን በመዶሻ ሲያጠብቁ የጎረቤታቸው ልጅ ደረሰችባቸው። ልጅቷ እዚያው የደም ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የተማረች ልጅ ናት። እሳቸው አናጢ ናቸው፤ ሰው ቤት ገብተው የተንጋደደ ሥዕል ካዩ ሳያቃኑ ስለማይቀመጡ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። የሰውን ሁሉ ሲያቃኑ የራሳቸው ነገር መንጋደዱን ግን ልብ አላሉም ነበር።

ሰላምታ ተለዋውጠው ልጅቷ ስለ ባለቤታቸው ጠየቀች። የሴትዮዋ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ደማቸው በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖሩት፣ እሱም እያደከማቸው ሄዷል። ጋሽ ውሃልክ የራሳቸውን ኩላሊት ሊሰጡ ቆርጠዋል። የደማቸው ዓይነት ስለማይገጥም ሐኪሞቹ በሕክምና ሊያስማሙት ሞከሩ፤ ግን የሚስትየዋ ደም በእሳቸው ደም ላይ መነሳቱ ትንሽ ረገብ ይልና መልሶ ያገረሻል። የሚስታቸው እህት ደሟ ከሚስትየዋ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እኔ ልስጣት ብላ ለምና ነበር። ጋሽ ውሃልክ ግን ወይ ፍንክች።

"ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን ደሟ እኔን ጠላኝ ማለት ነው?" አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። "እኔ እያለሁ ሚስቴን ሌላ ሰው ካዳናት ምኑን ባል ሆንኩ?"

ልጅቷ አልሳቀችም። መዶሻውን ተቀበለቻቸውና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ፣ ደም ፍቅርና ጥላቻ አያውቅም። የእርስዎ ደም ኤ ነው፣ የእትዬ ኦ። ደሙ ኦ የሆነ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ኤን የሚያባርሩ ተከላካዮች በደሙ ውስጥ አሉት። በሴቶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በርታ ይላሉ።"

ጋሽ ውሃልክ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። በያጁ ጓደኛቸው ደማቸው ሳይገጥም የሚስቱን ኩላሊት ተቀብሎ ዛሬ እንደ ልቡ ይሠራል፤ የእሱ ደም ምነው አላኮረፈ ሲሉ ሞገቱ።

"ወንድ አያረግዝማ፣ ጋሼ። ፅንሱ የአባቱን የደም ዓይነት ከወረሰ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ሲያስወርዳት ከደሙ ጥቂት ወደ እናቱ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷ ያንን ያስታውሳል። ሁሉም ሴት ላይ እኩል አይደለም፤ ሰው ከሰው ይለያያል። ለዚህ ነው ሐኪም አስቀድሞ የሚለካውም የሚጠይቀውም። ለመሆኑ እትዬ ስንት ጊዜ አረገዙ?"

"አንድ ልጅ ነው ያለን። ለሐኪሙም እንደዚያው ብዬዋለሁ።"

"ስንት ልጅ አላችሁ አላልኩም። ደግሞስ ስለ እርግዝና ለምን እርስዎ መለሱ?"

ጋሽ ውሃልክ ያለ ክፋት ነበር ያደረጉት። ባል ከተገኘ በሚስት ፋንታ መመለስ ለብዙዎቻችን ክብር መስጠት ይመስለናል፤ የታመመችው ግን እሷ ናት፣ የምታውቀውም እሷ። ያልቆየ ፅንስ ደግሞ በቤታችን ስም የለውም። ከልጃቸው በፊት ሁለት አልፈውባቸዋል። ያኔ ጋሽ ውሃልክ ይህ ነገር አይነሳ ብለው ነበር፤ ለሚስታቸው አዝነው እንጂ ጨክነው አይደለም። ሚስታቸውም አላነሱም።

የወንበሩን እግር አገላብጠው አዩት። አሮጌ ሚስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ነበረበት። "ነቅለነውም ቀዳዳው አለ ለካ" ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። የጋሽ ውሃልክ አፍ በልማድ ሊከፈት ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። ሚስታቸው ተገርመው አዩዋቸውና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሦስት ጊዜ አርግዣለሁ። ሁለቱ አልቆዩልኝም።"

ከዚያ አለቀሱ፤ ጋሽ ውሃልክም እጃቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ። ያንን ለቅሶ ሳያለቅሱት ነበር የኖሩት። ሐኪሙ ፋታ ሰጣቸውና የደሙ ማገርሸት አሁን ፍቺ ሊያገኝ እንደሚችል፣ በባልየው ኩላሊት መግፋት ግን አዲሱን ኩላሊት ለአደጋ ማጋለጥ እንደሆነ አስረዳ። ጋሽ ውሃልክ ኮታቸውን ይዘው ወጡና የሚስታቸው እህት ዘንድ ራሳቸው ደወሉ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ነይልን" አሏት። እሷም ተመረመረች፤ የሚስትየዋ ደም በእሷ ላይ አልተነሳም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። አዲሱ ኩላሊት ገና ከጅምሩ ሥራውን ያዘ፤ ሽንት መምጣቱ ሲነገራቸው ጋሽ ውሃልክ የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ኮሪደሩን ሁሉ እየዞሩ አወሩ። ሚስታቸው ከማሽኑ ተገላገሉ፣ የፊታቸው ወዝ ተመለሰ፣ ባልና ሚስቱም ስላልቆዩላቸው ሁለት ፅንሶች ማውራት ቻሉ። አንዲት ሴት ስለ ገዛ አካሏ ራሷ ብትናገር የሚገኘው ትርፍ ይህን ያህል ነው። ጋሽ ውሃልክም ሚስቱን ይዞ የመጣ ባል ባዩ ቁጥር፣ ያን የጠገኑትን ወንበር እየጋበዙ፣ "እሷ ትናገር፣ አንተ አረፍ በል" ይሉት ጀመር።

አንድ ማለዳ ነርሷ ገብታ ሚስትየዋን እንዴት አደሩ ብላ ጠየቀች። እሳቸውም በልማድ ወደ ባላቸው ዞሩ።

"እኔን ምን ታዪኛለሽ" አሉ ጋሽ ውሃልክ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። "ኩላሊቱ ያንቺ ነው።"

ሚስትየዋ ሳቁ። "እኔ ደህና አድሬያለሁ" አሏት ነርሷን። "እሱ ነው ወንበር ላይ ሲገላበጥ ያደረው። ወገቡን አሞታል፤ እሱ አይነግርሽምና እኔ ልንገርለት።"